የተኛበትን ያዙ፦ ስለ ሰፋፊ ወረቀቶች አያያዝና አሰቃቀል

(በካርቱሙ የቡሪ ሰፈር ኖረው ለተመለሱ ወገኖችና ለሌሎች ታዳሚዎች በአዲስ አበባ የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር፤ ለኅትመት ሲዘጋጅ በጥቂቱ ታርሟል)



ትልቅ ወረቀት የምለው አንድ ሰው ሁለት እጁን ዘርግቶ በምቾት ሊይዘው የማይችለውን ነው። የግድግዳ ካርታ፣ የሕንፃ ፕላን፣ በደርግ ዘመን አደባባይ ላይ ይለጠፍ የነበረ ፖስተር፣ የትውልድ ሐረግ የተጻፈበት ሰፊ ሉህ፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ቡሪ የኖራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ካርቱም ውስጥ ያበሻ ቤት ገብቶ የኢትዮጵያን ካርታ ወይም ትልቅ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ግድግዳ ላይ ሳያይ የወጣ እንግዳ ጥቂት ነው።

ይህ ዓይነቱ ወረቀት አስቸጋሪ ጠባይ አለው። መጽሐፍ ቢያረጅም ልባሱ ይሸከመዋል። ደብዳቤ ትንሽ ስለሆነ ክብደቱ አያስቸግረውም። ትልቅ ሉህ ግን ራሱን መሸከም አይችልም። በአንድ ጥጉ ስታነሡት ሸክሙ በሙሉ ጣታችሁ ባረፈበትና ቀድሞ በታጠፈበት መስመር ላይ ይወድቃል። በሥራዬ ካየኋቸው ቅዳጆች አብዛኞቹ የአንድ ቅጽበት ሥራ ናቸው። ወረቀቱ ሰባና ሰማንያ ዓመት ደህና ተቀምጦ፣ አንድ ሰው «እስቲ ልየው» ብሎ ሲያነሣው ተቀደደ።

ስለዚህ የዛሬውን ነገር በአጭሩ ልንገራችሁና ወደ ዝርዝሩ እንግባ፦ ወረቀቱን አትያዙ፤ የተኛበትን ያዙ። እንጀራ የምትጋግር ሴት እንጀራውን ከምጣድ ላይ በጠርዙ ይዛ አታነሣም፤ ሰፌዱን ከሥሩ ታስገባለች፣ እንጀራውም ሳይታጠፍና ሳይቀደድ ይወጣል። ካርታም የራሱ ሰፌድ ያስፈልገዋል። ጠንካራና ንጹሕ ካርቶን፣ በአራቱም በኩል ከወረቀቱ አራት ጣት ያህል የሚተርፍ ይበቃል። ካርቶኑን ሁለት ሰዎች በሁለት ጫፍ ይይዙታል፤ አንዱ ይመራል፣ ሌላው ይከተላል። ከመነሣታችሁ በፊት በሩ መከፈቱን፣ የምታሳርፉበት ጠረጴዛም ባዶና ደረቅ መሆኑን አረጋግጡ። ይህን የምለው ሁለት ሰዎች ካርታ ተሸክመው መሐል ክፍል ቆመው ሦስተኛው የሻይ ብርጭቆ ከጠረጴዛ ላይ ሲለቅም ደጋግሜ ስላየሁ ነው።

እጅን በሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው ነጭ የጥጥ ጓንት ማድረግ ግድ ይመስለዋል፤ ፊልም ላይ ያየው እንደዚያ ስለሆነ ነው። ለወረቀት ግን በሳሙና ታጥቦ በደንብ የደረቀ እጅ ይሻላል። ጓንት የጣትን ስሜት ያደነዝዛል፣ የተሰነጠቀ ጠርዝም ክሩ ውስጥ ገብቶ ይሳባል። ጓንቱን ለፎቶግራፍና ለብረት ዕቃ አቆዩት።

በዚህ ጉዳይ እኛን ኢትዮጵያውያንን የሚያሳስተን አንድ ውርስ አለ፤ ብራና። የብራና መጽሐፍ በማኅደሩ ሆኖ፣ ከግድግዳ ላይ ካለ እንጨት ተንጠልጥሎ ዘመናትን ይሻገራል። ክታብ ተጠቅልሎ፣ በቆዳ ተሰፍቶ፣ አንገት ላይ ታስሮ ላቡንም ጭሱንም ይችላል። ይህን እያየ ያደገ ሰው ጽሑፍ ጠንካራ ነገር ነው ብሎ ያምናል። ወረቀት ሲመጣም በብራናው ልማድ አስተናገድነው፦ ካርታውን ስምንት ቦታ አጣጥፈን ሣጥን ሥር፣ ፖስተሩን ጠቅልለን በክር አስረን ቁም ሣጥን አናት ላይ። ቆዳ ይህን ይችላል። ወረቀት አንድ ጊዜ ሲታጠፍ በዚያ መስመር ላይ ያሉት ክሮች ይሰበራሉ፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ መዘርጋትና ማጠፍ ስብራቱን ያሰፋዋል።

ወረቀትም ከወረቀት ይለያል። አባ ጎርጎርዮስን ሳትሰሙ አትቀሩም፤ ከአማራ ምድር፣ ከመካነ ሥላሴ ወጥተው ሮም የደረሱት መነኩሴ። እ.ኤ.አ. በ1649 ከጀርመናዊው ሊቅ ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኙ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም ጎታ ድረስ ሄደው አስተማሩት። ሉዶልፍ ከእሳቸው የሰማውን ይዞ እ.ኤ.አ. በ1683 የኢትዮጵያን ካርታ አሳተመ። ያ ካርታ የታተመበት ወረቀት እንደዘመኑ ከአሮጌ ጨርቅ የተሠራ ነው፤ ክሩ ረዥምና ጠንካራ ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት ከ300 ዓመት በኋላም በጥንቃቄ ሲይዙት ይጎብጣል እንጂ አይሰባበርም። ከ1960ዎቹና ከ1970ዎቹ የቀሩትን ፖስተሮች ደግሞ ተመልከቱ፤ ብዙዎቹ ቡናማ ሆነው ጠርዛቸው እንደ ቆሎ ገለባ ይረግፋል። ከ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በኋላ ወረቀት ከእንጨት ይፈጭ ጀመር፤ ቀለም እንዳይሰርግበትም አሉምና የዛፍ ሙጫ ይጨመርበት ነበር። ሁለቱ ሲደመሩ ወረቀቱ ውስጥ አሲድ ይፈጠራል፤ አሲዱም ወረቀቱን የያዘውን የሴሉሎስ ሰንሰለት ቀስ በቀስ ይቆርጠዋል። እንግዲህ «አሮጌው ይበልጥ ደካማ ነው» የሚለው ግምት ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ይበልጥ የምትጠነቀቁት አባታችሁ ግድግዳ ላይ ለለጠፉት ይሁን።

አሁን ወደ ቡሪ ልሂድ። ቡሪ በጥቁር ዓባይ ዳር ያለ የካርቱም ሰፈር ነው፤ ዓለም አቀፉ የንግድ ትርዒት ግቢና የኃይል ማመንጫው ያሉበት። በታሪክ ካርታ ላይ ግን የሚገኘው በሌላ ምክንያት ነው። በ1876 ዓ.ም. የማህዲ ጦር ካርቱምን ሲከብ እንግሊዛዊው ጄኔራል ጎርደን የተከላከለበት ምሽግ ምሥራቃዊ ጫፉ ከቡሪ ይጀምርና ወደ ነጭ ዓባይ ይዘልቅ ነበር። ከተማዋ በ1877 ዓ.ም. በጥር ወር ወደቀች፤ የጎርደን የዕለት ማስታወሻም በዚያው ዓመት ለንደን ውስጥ ካርታዎች ተጨምረውበት ታተመ።

እንዲህ በመጽሐፍ ውስጥ ታጥፎ የተጠረዘ ካርታ ከሁሉም የባሰ ነው። አንባቢው አንዱን ጥግ ይስባል፤ ካርታው ከመጽሐፉ ጋር በተሰፋበት ቦታ ላይ፣ ከታች ወይም ከላይ፣ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ቅዳጅ ይፈጠራል። በአሮጌ የጉዞ መጻሕፍት ውስጥ ያንን ቅዳጅ ያላየሁበት ካርታ ጥቂት ነው። አከፋፈቱ ግን ከባድ አይደለም፦ መጽሐፉን ከካርታው ጋር በአንድ ከፍታ እንዲሆን ከሥሩ ደግፉት፣ እጥፋቱን በታጠፈበት ቅደም ተከተል አንድ በአንድ ፍቱ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ አንድ መዳፍ ከሥር ይሁን። ስትዘጉም በዚያው መንገድ ተመለሱ። አዲስ እጥፋት አትፍጠሩ።

ለሁለቱ አገሮች፣ ለኢትዮጵያና ለሱዳን፣ ከባዱ ወረቀት ግን ሌላ ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ዐፄ ምኒልክና የእንግሊዙ ጆን ሌን ሃሪንግተን የኢትዮጵያንና የሱዳንን ድንበር ስምምነት ፈረሙ። የውሉ አንደኛ አንቀጽ ድንበሩን የሚያመለክተው ከውሉ ጋር በሁለት ቅጂ በተያያዘ ካርታ ላይ በቀይ ቀለም በተሰመረ መስመር ነው፤ ከኡም ሐጀር ተነሥቶ በመተማ በኩል እስከ ጥቁር ዓባይ፣ ከዚያም ወደ ባሮ፣ ፒቦርና አኮቦ ይወርዳል። በቀጣዩ ዓመት ሻለቃ ቻርልስ ግዊን መስመሩን መሬት ላይ አኖረ። የድንበሩን ክርክር ለባለቤቶቹ ልተወው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ቀይ ቀለሙና ወረቀቱ ነው።

እስቲ አንድ ሒሳብ አብረን እንሥራ። ከዚያ ወዲህ ሱዳን ስትጠቀምበት የኖረው የታወቀ ካርታ በ1 ለ250,000 መጠን የተሠራ ነው። አንድ ሚሊሜትር መሬት ላይ 250 ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ግማሽ ሚሊሜትር የወፈረ የብዕር መስመር መሬት ላይ 125 ሜትር ይሸፍናል። ካርታው በእጥፋቱ ላይ ተሰባብሮ ሦስት ሚሊሜትር ስፋት ያለው ወረቀት ቢረግፍ የጠፋው 750 ሜትር ነው፤ የአንድ ገበሬ ማሳ፣ ምናልባትም የአንድ መንደር የውሃ ጉድጓድ። የእጥፋት መስመሮች ደግሞ የመሬቱን ቁም ነገር አይመርጡም፤ ካርታው አራት ቦታ ሲታጠፍ መሐሉን ይቆርጣሉ። ካርታ የሚታጠፍበትን መስመር የሚወስነው የኪሱ ስፋት ነው።

ካርቱም ለወረቀት ደግ ከተማ አይደለችም። በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ አየሩ አጥንት ድረስ ይደርቃል፤ በነሐሴ ዝናቡና እርጥበቱ ይመጣል። ወረቀት እርጥበት ሲያገኝ ይሰፋል፣ ሲያጣ ይሰበሰባል። ሰፊ ሉህ በአራት ጥጉ በሚስማር ተወጥሮ ግድግዳ ላይ ካለ መሰብሰቢያ ያጣና በሚስማሩ ቦታ ይቀደዳል። በዚህ ላይ ሀቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል ሲነሣ በተዘጋ መስኮት እንኳ የሚገባው አቧራ አለ። ይህ አቧራ ስለታም ነው፤ በጨርቅ ስትፈትጉት ቀለሙን እንደ አሸዋ ወረቀት ይጠርገዋል። በለስላሳ ሰፊ ብሩሽ ከመሐል ወደ ጠርዝ በቀስታ ጥረጉት፤ በከሰል ወይም በፓስቴል የተሣለ ከሆነ ደግሞ ብሩሽም አይንካው። በ2012 ዓ.ም. ክረምት ጥቁር ዓባይ ካርቱም ላይ ወደ 17 ሜትር ተኩል ገደማ ሞልቶ በአገሩ ሁሉ የአስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ፣ ወንዙ ዳር ባሉ ቤቶች ወለል ላይ የነበረ ሣጥን ምን እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እናንተ ትነግሩኛላችሁ። ሣጥን ከወለል ከፍ ይበል፤ ከዚህ የቀለለ መድኅን የለም።

ሰዎች ወደ እኔ ከሚያመጡት ዕቃ አብዛኛው ጥቅል ነው። ስለዚህ አከፋፈቱን ቀረብ ብለን እንየው። ሃያና ሠላሳ ዓመት ተጠቅልሎ የኖረ ካርታ ቅርጹን ይዟል። ሁለት ጫፉን ይዛችሁ በጉልበት ብትዘረጉት ጥቅሉን ተከትሎ በእኩል ርቀት ትናንሽ ስንጥቆች ይወጣሉ፤ ድምፁን ትሰሙታላችሁ፣ «ቀጭ» ይላል። ያን ድምፅ ስትሰሙ አቁሙ። ችግሩ ደረቅነት ነው፣ መድኃኒቱም በተን መልክ የሚሰጥ እርጥበት ነው። ክዳን ያለው ትልቅ የፕላስቲክ ዕቃ ፈልጉ። ከሥሩ ውሃ የነካው መጣጭ ወረቀት ወይም ፎጣ አንጥፉ፤ ውሃው መንጠባጠብ የለበትም። ከላዩ ወንፊት ወይም የፕላስቲክ ፍርግርግ አድርጉና ጥቅሉን ፎጣውን ሳይነካ አስቀምጡት፣ ክዳኑንም ግጠሙ። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ወረቀቱ ይለሰልሳል። በየሰዓቱ ክፈቱና ተመልከቱ፤ ሌሊቱን ሙሉ ረስታችሁት ብታድሩ ሻጋታ ሊጠብቃችሁ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ቀለሙን ፈትኑ። የጆሮ ጥጥ በትንሽ ውሃ አርሱና ከጠርዝ አጠገብ፣ የማይታይ ቦታ ላይ፣ ቀለሙን በስሱ ንኩት። ጥጡ ቀይ ወይም ሰማያዊ ከሆነ ካርታው እርጥበት አይወድም፣ ያ ሥራ የባለሙያ ነው። በእጅ በተቀቡ ካርታዎች ላይ ብዙ ጊዜ የሚለቅቀው ቀይ ቀለም ነው፤ የድንበሩን መስመር አስታውሱ። ቀለሙ ካልለቀቀ የለሰለሰውን ጥቅል በንጹሕ ጠረጴዛ ላይ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ፣ ከላይና ከታች መጣጭ ወረቀት አድርጉ፣ ከላዩ ሰፊ ጣውላና ጥቂት መጻሕፍት ጫኑበትና ጥቂት ቀን ይተኛ። መተኮሻ ብረት ግን ከወረቀት ይራቅ። በብረት የተተኮሰ ካርታ ለጊዜው ያምራል፣ ሙቀቱ ግን ወረቀቱን ያደርቀዋል፣ ቀጣዩ እጥፋትም መስበሪያው ይሆናል።

ለተቀደደው ብዙ ሰው ቶሎ የሚያነሣው ፕላስተር ነው። እዚህ ላይ ቁጣ ቢሰማብኝ ይቅርታ አድርጉልኝ። ስኮች ፕላስተር ለጥቂት ዓመት ይይዛል፤ ከዚያ ፕላስቲኩ ይረግፋል፣ ሙጫው ግን ወረቀቱ ውስጥ ሰርጎ ቢጫ ከዚያም ቡናማ ይሆናል፤ ያን ማውጣት ከቅዳጁ የባሰ ሥራ ነው። የወረቀት ጠጋኞች የሚጠቀሙት ከጃፓን የሚመጣ ረዥም ክር ያለው ስስ ወረቀትና ከስንዴ ስታርች የተዘጋጀ ሙጫ ነው። ሙጫው በውሃ ሲርስ ስለሚለቅ ነገ የተሻለ መንገድ ቢገኝ ጥገናው ሊፈታ ይችላል። ይህን ማድረግ ካልቻላችሁ ቅዳጁን እንዳለ ተዉት። ያልተጠገነ ቅዳጅ ችግሩ ያው ቅዳጁ ብቻ ነው።

ወደ ማሳየት እንምጣ። ዕቃን መስቀል የምንወደው የምንኮራበት ስለሆነ ነው፤ ክፋት የለበትም። ግን ብርሃን ወረቀትን ያቃጥላል፣ ያቃጠለውም አይመለስም። ሙዚየሞች ለብርሃን ስሱ የሆነ ወረቀት ሲያሳዩ ብርሃኑን በ50 ሉክስ ይወስኑታል፤ ይህ ደብዘዝ ያለ የሳሎን ብርሃን ያህል ነው። ብዙዎቹ ከሦስት ወር በላይም አያሳዩትም። ያ በቀን ስምንት ሰዓት፣ ለ90 ቀን፣ 36,000 ሉክስ ሰዓት ይሆናል። የካርቱም የቀትር ፀሐይ 100,000 ሉክስ ገደማ ነው። ስለዚህ ሙዚየም በሦስት ወር የሚሰጠውን የብርሃን ድርሻ ያ ፀሐይ በሃያ ሁለት ደቂቃ ገደማ ይጨርሰዋል። መስኮት ፊት ለፊት የሰቀላችሁት ካርታ የስንት ዓመት የሙዚየም ድርሻ በአንድ ዓመት እንደጨረሰ አስሉት።

ስለዚህ የእኔ ምክር ጨካኝ ይመስላል፦ ዋናውን አትስቀሉ። ጥሩ ፎቶ አንሡት፣ በትክክለኛ መጠኑ አሳትሙትና ቅጂውን ስቀሉ። ዋናው በጨለማ፣ በአግድም፣ ይተኛ። «ዋናውን ያላየ ልጅ ምን ያምናል?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይቀርብልኛል፤ ትክክለኛ ጥያቄም ነው። ለበዓል፣ ለታሪክ ቀን፣ ለጥቂት ሳምንት ዋናውን አውጡት። ከመስታወቱ ጋር እንዳይነካካ በፍሬሙ ዙሪያ ክፍተት የሚሰጥ ካርቶን ይግባ፤ መስታወት የነካ ወረቀት እርጥበት ሲመጣ ይጣበቃል። ውሃ ከሚያሰርግ ግድግዳ፣ ከወጥ ቤት በር፣ እንዲሁም ቡና ከሚፈላበትና እጣን ከሚጨስበት ማዕዘን ይራቅ። እጣን እንደምወድ አስቀድሜ ልመስክር። የእጣኑ ጥቀርሻ ግን ወረቀት ላይ ያርፋል፣ በውሃም አይለቅም።

የሕንፃ ፕላን ላላችሁ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በሰማያዊ መደብ ላይ በነጭ መስመር የወጡት አሮጌዎቹ ፕላኖች ቀለማቸው የፕሩሺያ ሰማያዊ ነው። ይህ ቀለም ከሌላው በተቃራኒ አሲድን ይችላል፣ አልካላይ ግን ያጠፋዋል። ስለዚህ ለሌላው ወረቀት የምንመክረውን አልካላይ የተጨመረበትን አቃፊ ለእነዚህ አትጠቀሙ፤ ተራ አሲድ የሌለው ወረቀት በቂያቸው ነው።

ወረቀትን የሚያጠፋው ብርሃንና እርጥበት ብቻ አይደለም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲፈነዳ ተኩስ ከተሰማባቸው ቦታዎች አንዱ ከቡሪ ብዙም የማይርቀው የጦር ኃይሎች ጠቅላይ ዕዝ ዙሪያ ነበር። በዚያው ዓመት ግንቦት ውስጥ ኦምዱርማን የሚገኘው የአህሊያ ዩኒቨርሲቲ የሙሐመድ ዑመር በሽር ማዕከል ቤተ መጻሕፍት ተቃጠለ። ብሔራዊው ሙዚየም ተዘረፈ። ከዚያ በፊት የሱዳን መዛግብት፣ ፎቶግራፎችና ካርታዎች በዲጂታል ቅጂ እንዲቀመጡ «ሱዳን ሜሞሪ» በሚባል ሥራ ብዙ ተደክሟል፤ አንዳንዱ ዛሬ ያለው በዚያ ቅጂ ብቻ ነው። እንግሊዝ አገር ዱራም ዩኒቨርሲቲ ከ1949 ዓ.ም. ጀምሮ ያደራጀው የሱዳን መዝገብ ደግሞ በቅኝ ዘመን ከወጡ ወረቀቶች ጋር ዛሬ ተመራማሪዎችን ያገለግላል። ወረቀቱ ከአገሩ መውጣቱን ማንም አይመርጠውም። ቅጂ አስቀድሞ መሥራት ግን በእጃችን ያለ ነው።

ከእናንተ መካከል በመተማ በኩል በፌስታል ውስጥ ተጣጥፎ የመጣ ወረቀት ያላችሁ አላችሁ፤ ከቡሪ ግድግዳ ላይ በጥድፊያ የወረደ ካርታ፣ የማኅበር ትልቅ የፎቶ ሉህ። እነዚህን ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ አትክፈቱ። ፕላስቲኩ ውስጥ ላብና ሙቀት ታምቋል፤ መጀመሪያ ፌስታሉን ፈትታችሁ ጥላ ባለበት ክፍል ለአንድ ሁለት ቀን ይተንፍስ። ከዚያ እጥፋቱን አንድ በአንድ ክፈቱ፣ አልከፈት ያለውን እጥፋት በጉልበት አትክፈቱት። እንደ ተከፈተ ፎቶ አንሡት፣ ከጎኑ ማስመሪያ አስቀምጡ፤ መጠኑ የሚታወቀው በዚያ ነው። ስሙን፣ ያለበትን ሰፈርና ዓመቱን በእርሳስ ጻፉ፣ ግን በወረቀቱ ላይ ሳይሆን በሚገባበት አቃፊ ላይ። እስክሪብቶ እና የስም ማኅተም ከእሱ ይራቁ።

እነሆ፣ ጠረጴዛው ላይ ዋጋ የሌለው፣ ሆን ተብሎ እንዲያረጅ የተደረገ ትልቅ የንግድ ማስታወቂያ ዘርግቻለሁ፤ ከሥሩ ካርቶን አለው። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ኑና ከዚህ ጠረጴዛ ወደዚያኛው አዛውሩልኝ። ቢቀደድ ግድ የለም፤ ሌላ አሥር አምጥቻለሁ።